ያገለገለ የፔዳል ካያክ፦ ስለ ጥገናውና ስለ ማሻሻያው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥሩ የሚባል አዲስ የፔዳል ካያክ፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የሚሄድ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ስለዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከማውቃቸው ዓሣ አጥማጅ ወገኖች አብዛኞቹ የያዙት ሌላ ሰው ለዓመታት የተጠቀመበትን ነው። እኔም ሆቢ የተባለው ኩባንያ የሠራውን የ2012 ሞዴል አውትባክ ካያክ ካገለገለ በኋላ ገዝቼ ይኸው ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት በጀልባ ማውረጃው ላይም ሆነ በስልክ ደጋግሜ የተጠየቅኋቸውን ነገሮች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ምሳሌዎቼ ወደ ሆቢ ያደላሉ፤ በእጄ ፈትቼ የገጠምኩት እሱን ስለሆነ ነው። ሌላ ዓይነት ካያክ ላላቸውም አብዛኛው ነገር ይጠቅማል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የፔዳል ካያክ ከተራው ካያክ በምን ይለያል?

በእጅ ከመቅዘፍ ይልቅ በእግር ይረገጣል። እጅ ነፃ ስለሚሆን እየሄዱ የማጥመጃ ዘንግ ይዞ ማጥመድ፣ ነፋስ ሲገፋም ፔዳሉን እየረገጡ ባሉበት መቆም ይቻላል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በክንፍ የሚሄደው ነው። መነሻው የካሊፎርኒያው ሆቢ በ1997 ያወጣው ሚራዥ ድራይቭ ሲሆን፣ ፔዳሎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲረገጡ ከቀፎው (ከካያኩ ዋና የፕላስቲክ አካል) በታች ያሉት ሁለት ክንፎች እንደ ፔንግዊን ክንፍ ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ። ሁለተኛው እንደ ብስክሌት በክብ የሚረገጥና ፕሮፔለር የሚያዞር ነው፤ ኔቲቭ ዋተርክራፍትና ኦልድ ታውን የሚሠሯቸው ካያኮች ከዚህ ወገን ናቸው። የሁለቱ አያያዝ ስለሚለያይ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለይተው ይወቁ።

ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ ምን ልመልከት?

ቀፎውን። ማሽኑ (ፔዳሉና ክንፉ ወይም ፕሮፔለሩ ያለበት ክፍል) ይቀየራል፣ መቀመጫው ይቀየራል፣ መሪው ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ቀፎ ግን ካያኩን ራሱን ያሳጣል። ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የማጥመጃ ዘንግ መያዣውን፣ መብራቱንና ዓሣ የሚጠቁመውን ማሳያ ነው። በትሕትና አመስግነው ካያኩን በአፉ እንዲደፉት እንዲፈቅድልዎ ይጠይቁ።

ከተደፋ በኋላ አራት ቦታ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የመጀመሪያው ማሽኑ የሚገባበት ጉድጓድ ጠርዝ ነው። የእግር ኃይል ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከማዕዘኖቹ ነው። እኔ የገዛሁት ካያክ ላይ በግራ በኩል አንዲት ፀጉር የምታክል መስመር አገኘሁ። በዓይን ጭረት ትመስላለች፤ ጥፍሬን ሳስሄድባት ግን ያዘኝ፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ደግሞ ከንፈሯ ተከፈተ። ጭረት ሲጫኑት አይከፈትም። ሁለተኛው ከመቀመጫው አጠገብ ያሉት የውሃ መፋሰሻ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ በሚሰካ ጋሪ ለዓመታት የተጎተተ ካያክ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው የኋላ ጫፉ ነው። በአስፋልትና በኮንክሪት ላይ የተጎተተ ከሆነ ፕላስቲኩ ሳስቶ ያገኙታል። አራተኛው ለሸራ ምሰሶ ተብሎ ከፊት የተሠራው ቀዳዳ ነው፤ ታችኛው ወለሉ ሲሰነጠቅ ከላይ ሆኖ አይታይም።

የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ካያኩ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ መብራቱን አጥፍተው የእጅ ባትሪውን በክዳኑ በኩል ወደ ሆዱ ያስገቡ። የሳሳው ቦታ ከሌላው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል። ይህን ለመፈተሽ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ማሽኑንም ያስወጡ። ክንፎቹን በእጅ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሷቸው፤ ጥቂት መላወስ ያለ ነው፣ እንደ ላላ ጥርስ ከተንገዳገደ ግን ቡሺንጎቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) አልቀዋል። ካያኩ ያለ ማሽን ከቀረበልዎ ዋጋው ርካሽ ቢመስልም ይጠንቀቁ፤ ማሽኑን ለብቻ መግዛት ያገለገለው ካያክ ራሱ ካወጣው የማይተናነስ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል።

ትክክለኛ ዕድሜውን እንዴት አውቃለሁ?

በአሜሪካ የሚሸጥ ማንኛውም ካያክ በኋላ ጫፉ በቀኝ በኩል 12 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ ተቀርጾበታል። መጨረሻ ያሉትን አራቱን ያንብቡ። የመጀመሪያው ፊደል የተሠራበት ወር ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ነጠላ ቁጥር የተሠራበት ዓመት መጨረሻ አኃዝ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። የእኔ በኤች፣ 1፣ 12 ያልቃል፤ በኦገስት 2011 ተሠርቶ እንደ 2012 ሞዴል የተሸጠ ማለት ነው። መለዋወጫ ሲያዝዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ያኑሩት። ቁጥሩ የተፋቀ ካያክ አይግዙ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ከውሃ ስወጣ ሆዱ ውስጥ ውሃ አገኛለሁ። ከየት ነው የሚገባው?

አንድ ኩባያ ያህል ከሆነ አይጨነቁ፤ ክዳኖቹ በኩል የሚረጭም፣ ከሙቀት ልዩነት የሚጤዝም አለ። ሊትሮች ከሆነ ግን ቦታውን ማግኘት ግድ ነው።

ከቀላሉ ይጀምሩ። የማፍሰሻው መክደኛ ላይ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ውሃ ታስገባለች፤ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። የክዳኖቹን የጎማ ማሸጊያም ይዳስሱ፤ አሸዋ ተጣብቆበት ከሆነ በሳሙና አጥበው መልሰው ይሞክሩት። ከዚያ የድሮው ባለቤት የበሳቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ። ከእኔ ካያክ ላይ ማንም የማይጠቀምባቸው ሰባት ቀዳዳዎች አግኝቻለሁ፤ ሁለቱ ጭራሽ አልተደፈኑም ነበር።

በዚህ ካልተገኘ የአየር ሙከራ ያድርጉ። ክዳኖቹን ሁሉ ይዝጉ፣ አየር የሚነፋ የአቧራ መጥረጊያ ቱቦ በማፍሰሻው ቀዳዳ ላይ በጨርቅ ዙሪያውን አፍነው በቀስታ ይንፉበት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሳሙና የበዛበት ውሃ በብሩሽ ይቀባ። ስንጥቅ ካለ አረፋው እዚያው ላይ ይነሣል። አየሩን አያብዙ፤ ቀፎው ሲነፋ በዓይን ከታየዎ ያቁሙ። የጋራዥ መጭመቂያ ማሽን ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም። ከመጠን ያለፈ አየር ደህናውን መገጣጠሚያ ይቀድደዋል።

ስንጥቁን ራሴ ልጠግነው እችላለሁ?

ትዕግሥት ካለዎት አዎን። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን የካያኩ ፕላስቲክ ፖሊኢትሊን መሆኑ ነው፤ ተራ ማጣበቂያም ሲሊኮንም በወጉ አይዝበትም። ብዙ ሰው ስንጥቁን በሲሊኮን ለብጦ ወደ ውሃ ይገባል፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደ ቆዳ ተልጦ ይወጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ቅባቱ ቀርቶ ለእውነተኛው ብየዳ እንቅፋት መሆኑ ነው።

ትክክለኛው መንገድ በሙቀት መበየድ ነው። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ ስንጥቁ እንዳይሄድ የሚያቆመው ይህ ነው። ከዚያ መስመሩን በስለት ከፍተው እንደ ቦይ ያድርጉት፣ በአልኮል ያጽዱት፣ ከዚያ የራሱን ዓይነት ፕላስቲክ እያቀለጡ ይሙሉት። ፖሊኢትሊን ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ጭስ ካዩ እያቃጠሉት ነው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ደግሞ አይያያዝም። የሚፈለገው የቀፎው ግድግዳና አዲሱ ፕላስቲክ ሁለቱም አብረው እንደ ማር ሲያብረቀርቁ መገናኘታቸው ነው። በመጀመሪያ በማይጠቅም ቁራጭ ላይ ይለማመዱ። የኔን ስንጥቅ ከመንካቴ በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከአሮጌ ካያክ በተቆረጠ ክዳን ላይ ስለማመድ ውያለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ብየዳዎቼ በጣት ሲታጠፉ ተላቀዋል።

ስንጥቁ የማሽኑ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ግን ለባለሙያ ይስጡት። ያ ቦታ ክብደትና ጉልበት ስለሚሸከም የልምምድ ቦታ አይደለም። አንዳንድ አሮጌ ካያኮች ደግሞ ሲሞቅ ከማይቀልጥ የፖሊኢትሊን ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ እነሱ አይበየዱም።

ፔዳሉ ይንቋቋል፤ አንዳንዴም ሸተት ይላል። ምን ሆኖ ነው?

ሚራዥ ድራይቭ ከሆነ ነገሩ ከብስክሌት ብዙም አይርቅም። ፔዳሉን ሲረግጡ ካቴናና የብረት ገመድ በክንፉ ሥር ያለውን ባለ ጥርስ ጎማ ይስባሉ፤ አንዱ ፔዳል ሲሄድ ሌላውን ይመልሰዋል። ዓመታት ሲያልፉ ገመዱ ይረዝማል፣ ካቴናው ይላላል፣ ሸተት ማለትም ይጀምራል።

ማሽኑን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፣ ፔዳሎቹን እኩል ያቁሙ፣ ካቴናውን በጣት ጫን ይበሉት። ሁለቱም ወገን እኩል መወጠር አለበት። ማስተካከያው ዳዶ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያጥብቁ፣ አንዱን ወገን ሲነኩ ሌላውንም ይንኩ። ከመጠን በላይ ከወጠሩት ፔዳሉ ይከብዳል፣ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። ክንፎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ፔዳሎቹ ጎን ለጎን ካልቆሙ ውጥረቱ አልተስተካከለም።

የብረት ገመዱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከዳር እስከ ዳር ይሳቡት። ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ ከገመዱ ክሮች አንዱ ተበጥሷል፤ ሌሎቹ ይከተላሉና ያኔውኑ ይቀይሩት። ማሽኑ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የሚንቋቋ ከሆነ ደግሞ የሚቆልፉትን ሁለት መያዣዎችና ሞላዎቻቸውን ይመልከቱ። በእኔ ካያክ ላይ ለወራት ያስጨነቀኝ ድምፅ አንዲት የደከመች ሞላ ሆና ተገኝታለች።

በምን ላለስልሰው? ግሪስ ይሆናል?

ለካቴናው ግሪስ አይሆንም። ግሪስ አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋ የያዘ ግሪስ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይፍቃል። ሲደርቅ የማይጣበቅ፣ ለብስክሌት ካቴና የሚሸጠው ደረቅ ቅባት ይበቃል። ከማንኛውም ቅባት የሚበልጠው ግን ንጹሕ ውሃ ነው። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወይም ሌላ ጨዋማ ውሃ ላይ ከዋሉ፣ ያን ማታ ደክሞኛል ሳይሉ ማሽኑን፣ መሪውንና የዘንግ መያዣውን በቧንቧ ውሃ ያጥቡ። ፔዳሉን እያንቀሳቀሱ ያጥቡት እንጂ ከላይ አፍስሰው አይለፉት። የማይዝግ የሚባለው ብረት ጨው ላይ ሲሰነብት ይዝጋል፤ አይቻለሁ።

የክንፉ ዘንግ መሀል ውሃ ላይ ቢሰበርስ?

ይሰበራል። ክንፉን የሚይዘው ቀጭን የብረት ዘንግ ድንጋይ ወይም የተቀበረ ግንድ ሲመታ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዘንግ በእጅ ተቃንቶ ሲመለስ ደግሞ ይደክምና ሌላ ቀን ያለ ምንም ምክንያት ይሰበራል። እኔን የገጠመኝ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ከፖሂክ ቤይ መናፈሻ ወጥቼ ስመለስ ነው። ቀደም ብዬ ያቃናሁት ዘንግ ነበር። ረግጬ ሳለ የግራ እግሬ በድንገት ቀለለኝ፣ ክንፉ ከሥሬ ጥቁር ሆኖ ሲሰጥም አየሁት። በአንድ ክንፍ ካያኩ ይሄዳል፣ ነገር ግን ወደ ጎን እየጎተተ ነው፤ ነፋሱ ከፊቴ ስለነበር መቅዘፊያ ባልይዝ ኖሮ ማምሻዬ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ትርፍ ዘንግ፣ የሚፈታበትን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍና አንዲት ፒንሳ በቴፕ አስሬ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጣለሁ። መቅዘፊያውም ሁልጊዜ አብሮኝ ነው።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፍተው ቢያቆሙት ክንፎቹ ከቀፎው ሥር ይለጠፋሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ዘንግ የሚሰብረው።

የእኔ ባለ ፕሮፔለር ነው። ምን ልጠብቅ?

የማጥመጃ ክር። ክር በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ከማሸጊያው ጎማ ሥር ይገባና ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ውሃ ወደ ጥርሶቹ ይደርሳል። ፕሮፔለሩን በየጥቂት ጉዞው ፈትተው ክር ካለ ያጽዱ። ውስጡ ያለው ቅባት ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ቅባቱን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያውንም መቀየር አለብዎ። ፕሮፔለሩ እንቅፋት ሲመታ ሌላውን ለማዳን ተብሎ ራሷ የምትሰበር ፒን ያለችባቸውም አሉ። እሷን በጠንካራ ብረት መተካት ማሽኑን ማጥፋት ነው፤ ትርፏን ይያዙ።

መሪው አይታዘዝም።

ብዙ ጊዜ ገመዶቹ ላልተው ነው። ከኋላ መሪው አጠገብ ያለውን ማጥበቂያ አላልተው ገመዱን ስበው መልሰው ማጥበቅ ይበቃል። ገመዱ ሻክሮ ከሆነ ዳይኒማ በሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ ይቀይሩት፤ አይዘረጋም፣ ውሃም አይጠጣም። አዲሱን ገመድ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስረው በአሮጌው ይጎትቱት፤ አሮጌውን አስቀድመው አውጥተው ከጣሉ አዲሱን በቀፎው ውስጥ ለማሳለፍ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ከማሻሻያዎቹ የትኛውን ላስቀድም?

ሳይጠግኑ አያሻሽሉ። ይህን የምለው በአዲስ ማሳያ ያሸበረቀ፣ ግን ሆዱ ውሃ የሚያስገባ ካያክ ብዙ ስላየሁ ነው። ቀፎው ደረቅ፣ ማሽኑ ጸጥ ያለ፣ መሪው ታዛዥ ከሆነ በኋላ በእኔ ግምት ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት መቀመጫው ላይ ነው። የድሮዎቹ አውትባኮች መቀመጫ ቀፎው ላይ የሚሰካ የጨርቅ መቀመጫ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወገብ ያማል፣ ሱሪም ይርሳል። ከፍ ያለ ባለ ብረት መቀመጫ ምቾቱ የተለየ ነው። ነገር ግን ሰውነትዎ ከፍ ባለ ቁጥር ካያኩ ይበልጥ ያዘነብላል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ አያድርጉት፤ አዲሱንም መቀመጫ መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ ሆን ብለው ግራና ቀኝ እያዘነበሉ ይሞክሩት።

ቀጥሎ ክንፎቹ። ሆቢ ቱርቦ የሚላቸው ረዘም ያሉ ክንፎች በአንድ ርግጫ የበለጠ ያስኬዳሉ። ዘንጉም አብሮ እንደሚቀየር አይርሱ። ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ይቅርብዎ፤ ረጅም ክንፍ ይከብዳል። በነባሩ ክንፍ ላይ ያለውን መወጠሪያ ማላላትና ማጥበቅ ብቻ የፔዳሉን ክብደት እንደሚለውጥ ብዙ ባለቤት አያውቅም፤ የላላ ክንፍ ይቀላል፣ የተወጠረ ይከብዳል፣ ይፈጥናልም። ይህ ደግሞ በነፃ ነው።

ወደ ኋላ የሚሄደው አዲሱ ማሽን በአሮጌው ካያኬ ላይ ይገጥማል?

ሆቢ 180 ብሎ የሰየመው፣ ገመድ ሲሳብ ክንፎቹን አዙሮ ወደ ኋላ የሚያስኬደው ማሽን፣ በብዙ አሮጌ ቀፎዎች ውስጥ ይገባል። ቢሆንም ከመክፈልዎ በፊት ካያኩን ይዘው ሄደው ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩት። 360 የተባለው ግን ለራሱ በተሠራ ቀፎ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ አሮጌው ላይ አይታሰብ። ወደ ኋላ መሄድ ቅንጦት ይመስላል፤ ትልቅ ዓሣ ወደ ግንድ ሥር ሲጎትትዎ ግን ዋጋውን ያውቁታል።

ዓሣ የሚጠቁመውን ማሳያ ቀፎውን ሳልበሳ መግጠም እችላለሁ?

ይቻላል። የድምፅ ሞገድ ላኪውን በቀፎው ውስጠኛ ወለል ላይ መለጠፍ ነው፤ ሞገዱ በፖሊኢትሊን ውስጥ ያልፋል። በመካከሉ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ይጠንቀቁ፤ አየር ካለ ማሳያው ባዶ ይሆናል። ወደ ጎን የሚያሳየው ዓይነት ግን በቀፎ ውስጥ አይሠራም፣ የውሃውን ሙቀትም በትክክል አያነብም።

ለአነስተኛ ማሳያ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ያውላል። የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፣ ከግማሽ በታች ደጋግመው ካወረዱትም ይሞታል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አንድ ኪሎ አይሞላም። ከባትሪው በወጣው ቀይ ሽቦ ላይ ፊውዝ ይግጠሙ። እርጥብ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ፊውዝ የሌለው ሽቦ እሳት ማለት ነው።

የዘንግ መያዣ ለመግጠም ቀፎውን መብሳት አለብኝ?

በተቻለ መጠን አይብሱ። ካያኩ ከጎኑ ሐዲድ ካለው በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት መያዣ ይግዙ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ፋርምቪል የሚገኘው ያክአታክ የተባለ ኩባንያ በዚህ የታወቀ ነው። መብሳት ግድ ከሆነ ከውሃው መስመር በላይ ብቻ ይብሱ፣ ከመብሳትዎ በፊትም ከግድግዳው ጀርባ የመሪው ገመድ አለመኖሩን በእጅ ዳስሰው ያረጋግጡ። እጅ ከውስጥ የሚደርስ ከሆነ ብሎን፣ ሰፊ ሮንደላና ዳዶ ከሁሉ ይሻላል። እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ከውስጥ በሦስት እግር የሚዘረጋውን ሪቬት ይጠቀሙ። ብሎን በቀጥታ ፕላስቲኩ ውስጥ አይጠምዝዙ፤ ትልቅ ዓሣ ዘንጉን ሲጎትት ብሎኑንም ይዞት ይሄዳል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ልጨምርበት?

ይቻላል፤ ግን ካያኩ ያኔ በሕግ የሞተር ጀልባ ይሆናል። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም የኤሌክትሪክ ሞተር ቢሆንም እንኳ ምዝገባ ያስፈልጋል። ሞተር ለሌለው ካያክ ምዝገባ አይጠየቅም። በቨርጂኒያው በርክ ሐይቅ ላይ ከሞተር የሚፈቀደው ኤሌክትሪኩ ብቻ ስለሆነ እዚያ ለሚያዘወትር ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን አሮጌ ቀፎ ላይ የሞተርና የባትሪ ክብደት መጨመሩን አልወደውም። ጉልበትዎ ፔዳል የሚከለክልዎ ካልሆነ በስተቀር ገንዘቡን ለትርፍ ክንፍና ለጥሩ የነፍስ አድን ጃኬት ያውሉት።

ካያኩን በበረዶው ወራት የት ላስቀምጠው?

ፀሐይ የማያገኘው ቦታ። ፖሊኢትሊንን የሚያደርቀውና የሚያሰነጥቀው ፀሐይ ነው። በጎኑ ያስተኙት ወይም ሰፋፊ ማንጠልጠያ ላይ ያንጠልጥሉት፤ በሁለት ቀጭን እንጨት ላይ በሆዱ ከተውት ጸደይ ሲመጣ ወለሉ ጎድጉዶ ያገኙታል። ጎድጉዶ ከሆነም አይደንግጡ፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት አሙቀው ከውስጥ ቢገፉት ይመለሳል።

ክዳኖቹን ከፍተው፣ ማፍሰሻውን አውልቀው ያስቀምጡት። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ቀጥ ተደርጎ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድና እንዳይበሰብስ ነው። ፕላስቲክ አይበሰብስም፤ በተዘጋ ሆድ ውስጥ የቀረ ውሃ ግን ብሎኑን ያዝጋል፣ በበረዶ ጊዜም ረግቶ ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ዋና አልችልም። በዚህ ካያክ መውጣት እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ በቀስታና በማፈር ይቀርብልኛል። ሊታፈርበት አይገባም፤ ብዙዎቻችን ውሃ ዳር አላደግንም። መልሴ ግን መጀመሪያ ዋና ይማሩ ነው። የአካባቢው የመዝናኛ ማዕከሎች ለአዋቂዎች ያስተምራሉ። እስከዚያ ድረስ ዋና ከሚችል ሰው ጋር፣ ዳር ዳሩን፣ ሞቃት ወራት ላይ ብቻ። የነፍስ አድን ጃኬት ካያኩ ላይ መኖሩን ሕግ ያስገድዳል፤ እኔ የምለው ግን ጀልባ ማውረጃው ላይ ዘግተው ለብሰው መኪናዎ ጋ እስኪመለሱ እንዳያወልቁት ነው። ፊሽካም ጃኬቱ ላይ አስረው ይያዙ።

በማርችና በኤፕሪል አየሩ ሞቆ ውሃው ገና በረዶ ነው፤ ሲወድቁበት ትንፋሽ ይነጥቃል፣ ጣቶችም በደቂቃዎች ውስጥ አይታዘዙም። በሞቃት ወራት አንድ ቀን ሆን ብለው ጃኬት ለብሰው፣ ሰው አጠገብዎ አድርገው፣ ካያኩን ገልብጠው መመለስን ይለማመዱ። ተገልብጦ ሲቀር ከሩቁ ጠርዝ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ሲቃና በሆድዎ ተንሸራተው ይውጡበት፣ ከዚያ ዞረው ይቀመጡ። ከዚህ ልምምድ በፊት ማሽኑን በአጭር ገመድ ከካያኩ ጋር ይሰሩት። አይንሳፈፍም፤ ካያኩ ሲገለበጥ ካልታሰረ ወደ ታች ነው የሚሄደው።